እናቷን ሳላይ አልወስድም

«እናቷን ሳላይ አልወስዳትም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አመድማዋን ግልገል ድመት መዳፏ ላይ እንደያዘች። ባለፈው የገዛቻት ግልገል በሳምንቷ ሞታ ከልጇ ጋር ሆነው ቀብረዋታል፤ ያንን የልጇን ለቅሶ ደግማ መስማት አልፈለገችም። የግልገሏን ዓይን ገለጠች፣ ድዷን ነካች፣ ጆሮዋን አሸተተች። ሁሉም ንጹሕ ነው። ከዓይኖቿ ሥር ያለው ፀጉር ግን ርጥብ ነበር፤ ገና አሁን የተጠረገ።

ሻጩ ሳቀ። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ አሉ። ግድ የለም፣ እህቴ።» ጓዳ ገብቶ ፀጉሯ የሚያብለጨልጭ፣ ብርቱካናማ፣ ወፍራም ድመት ታቅፎ ወጣና ወለሉ ላይ አቆማት። «ይቺውልሽ። ትንሿ መልኳን ከአባቷ ወስዳ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ግልገሏን ከድመቷ ሆድ ሥር አስቀመጠቻት። ድመቷ ጥርሷን አገጠጠችባት። ግልገሏ ግን ቀና ብላም አላየቻት። እግሮቿ እየተብረከረኩ፣ ወለሉን እያሸተተች፣ በሻጩ ጫማዎች መካከል አልፋ በሩ ሥር ወደተቀመጠው አፉ የታሰረ ጆንያ ሄደች።

«መልሻት፣ እሱ ቆሻሻ ነው» አለ ሻጩ፤ አሁን አልሳቀም። «ልጥለው ስወጣ ነው የደረስሽብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አልተንቀሳቀሰችም። በጆንያው ቀዳዳ ጭብጥ የምታህል አመድማ ፀጉር ወጥታ ነበር። ግልገሏ እዚያው ተለጥፋ፣ ወተት እንዲወርድላት በፊት እግሮቿ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረገች፣ ጆንያውን መጥባት ጀመረች።