ከኋላ የሚገፋ አዲስ መኪና

ዛሬ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቀራንዮ መድኃኔዓለም የላዳ ታክሲ ተራ፣ አቶ ደመቀ መኪናቸውን በሰላም አቁመዋል። ተራ አስከባሪው ጉተማ ይህንን ጮክ ብሎ ያበስራል። እኛም ሹፌሮቹ "ተመስገን" እንላለን፤ ከልባችን ነው።

መኪና ማቆም ድሮ ዜና አልነበረም። ዘንድሮ ግን የጋሽ ደመቀ ዓይን ደክሟል። ባለፈው ሳምንት ለመብራት ምሰሶ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ምሰሶው ስላልመለሰ እስከ ምሳ ድረስ ቅር ብሏቸው ቆዩ። ያን ቀን ሳቅን። ትናንት ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ላይ ሊደርሱ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ማራኪ ደወለችልኝ። "አባዬ እኔን አይሰማኝም። ቁልፉን አንተ ተቀበልልኝ፤ ዛሬውኑ" አለች። "እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው። ሥራ ፈትቼ እዚሁ አጥር ሥር ስቀመጥ ጠርተው መሪ ያስያዙኝ ጋሽ ደመቀ ናቸው። በዚችው ላዳ ሦስት ወር አስተማሩኝ፤ የፊት መከላከያ ብረቷን ሁለት ጊዜ አጣመምኩባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ "እሷም ለምዳለች" አሉ። ልጆቼ የጠገቡት በዚያ ትምህርት ነው። አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ይሉኛል። ለእኚህ ሰው "ቁልፍዎን ያምጡ" በየትኛው አፍ ይባላል?

መላውን ያመጣው ጉተማ ነው። ጋሽ ደመቀ ከፊት ጎማው የሚጎተት መኪና አይወዱም፤ ላዳቸው በኋላ ጎማዋ እየተገፋች ነው የምትሄደው። "ከኋላ የሚገፋ አዲስ መኪና እስኪሠራ ድረስ ከዚህች አልወርድም" ብለው ዓምና ምለዋል። እንግዲህ መሠራቱን መንገር ነው።

"ጋሼ፣ ሰምተዋል?" ይላል ከሹፌሮቹ አንዱ ጆሲ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። "አንድ የጃፓን ፋብሪካ ከኋላ ወደሚገፋ መኪና ሊመለስ ነው።"

"አትለኝም!"

ስልኩ ላይ ያለውን የዜና ገጽ እኔም አይቼዋለሁ። ከፋብሪካው ሰዎች አንድም የተናገረ የለበትም። "ይጠበቃል" የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ፣ "ሳይሆን አይቀርም" ደግሞ አራት ጊዜ አለበት። ጆሲ ሲያነበው ግን ሁሉም "ተወስኗል" ሆኖ ይወጣል።

"መቼ ነው የሚያወጡት?"

"በእነሱ ሃያ ሃያ ስምንት።"

"በእኛስ?"

ጆሲ ጣቶቹን ይቆጥራል። "ሁለት ሺህ ሃያ።"

"እንዴ! ደርሷላ!"

"ደርሷል" ይላል ጉተማ፣ ፋብሪካው የአጎቱ ይመስል። "ማምረቻውን እያሰፉት ነው። በወር አምስት ሺህ መኪና።"

"ስድስት" እላለሁ እኔ። ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም።

"በቤንዚን ነው?"

"በኤሌክትሪክ ነው ጋሼ። ሞተሩ ራሱ ኋላ ነው።"

"ከፊት ምን አለ ታዲያ?"

"ሻንጣ ማስቀመጫ።"

"ጉድ እኮ ነው! መኪናዋን አዙረዋት ነዋ!" ይስቃሉ ጋሽ ደመቀ። እኛም ከሚገባው በላይ እንስቃለን።

ሳቁ ሲያልቅ "እና እኔ ምን ላድርግ ትላላችሁ?" ይላሉ።

ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። ጉተማ ብቻ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ያያል። "ይቺን አቁመው መጠበቅ ነዋ። እስኪመጣ ትንሽ ያርፋሉ። ሲመጣ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እርስዎ ነዎት።"

"ያኔ ሰማንያ አንድ ይሞላኛል።"

"ምን አላት ሰማንያ አንድ!" ይላል ጆሲ።

ጋሽ ደመቀ እጃቸውን የላዳዋ ኮፈን ላይ ያሳርፋሉ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው። "ሠላሳ አራት ዓመት" ይላሉ፣ ለእኛ ይሁን ለእሷ ሳይለይ። "ሌሊትም ክረምትም። እግዜር ይስጥሽ።"

ይሄኔ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለች ሴት እየተጣደፈች ትመጣለች። "ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታሉ ጋ" ብላ ቅርብ ያገኘችውን በር ትከፍታለች። የጋሽ ደመቀን።

"እትዬ፣ ተራው የሌላ ነው" ይላል ጉተማ። እሷ ግን ገብታ ተቀምጣለች። "ታማሚ እየጠበቀኝ ነው፤ በናታችሁ!"

ማንም አይንቀሳቀስም። ጆሲ የሚያደርገው ቢጠፋው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡን ይቀጥላል። "በተጨማሪም ፋብሪካው..."

"በቃ ጆሲዬ" ይላሉ ጋሽ ደመቀ በቀስታ። "እግዜር ያክብርህ። ደክመሃል።"

እጃቸውን ከላዳዋ ሳያነሱ በኮፈኗ ፊት ለፊት ይዞራሉ። መሪው ያለበትን በር እየዳበሱ ያልፉታል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ያልፉታል። ኋላ መብራቷን ዞረው በወዲያኛው ጎን ያለውን የተሳፋሪ የፊት በር ያገኙታል፤ ከፍተው ይቀመጣሉ። ከዚያ ቁልፉን በመስኮቱ ያወጡታል።

"ማሙሽ" ይላሉ። ቁልፉን የዘረጉት ወደ ጉተማ ነው።

ጉተማ ቀስ ብሎ ገለል ይልልኛል። እቀበላቸዋለሁ።

"ግባ እንጂ፤ ሰው ይቸኩላል።"

እገባለሁ። ጆሲ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ሴትየዋ ከኋላ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። "ሹፌሩ የትኛችሁ ናችሁ?"

"እሱ ነው" ይላሉ ጋሽ ደመቀ። "አትስጊ፣ ጎበዝ ነው።"

ቀበቶውን ስበው መሰኪያውን ይፈልጋሉ። አንዴ ይስቱታል። ሁለቴ ይስቱታል። እጃቸውን ይዤ አደርሰዋለሁ፤ ቀጭ ይላል።