በረዶውን እጠርጋለሁ

ማርሊስ ትኩሱን የድንችና የሥጋ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ወፍራም ሰውዬ የባሏን ቃል ተናገረ።

«እኔ በረዶውን እጠርጋለሁ፤ አንቺ የምንሄድበትን ምረጪ።»

ትሪው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ሶፋው ላይ የተጋደመችው ልጇ ከርስተን ቃሉን ከሰውዬው እኩል ብላ ሳቀች።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«እኔ መች አልኩ፣ ሚስተር ብሎጌት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ እማዬ? ካናቴራ ላይ ያትሙታል፣ የሠርግ ካርድ ላይ ይጽፉታል።»

ማርሊስ አታውቅም ነበር። የብሎጌት ቤተሰብ የሚባለው ካርቱን ከርስተን ሳትወለድ ጀምሮ እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ የሚታይ፣ ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ውስጥ ፓስተሩም፣ የጥርስ ሐኪሙም የሚቀልዱት በሱ ቀልድ ነው። እሷ ግን የተሣለ ሰው ሲጮህ ራሷን ስለሚያማት አንዱንም ክፍል ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም። ያንን ቃል የምታውቀው ከባሏ ከዱዌን አፍ ነው። በእናቷ ደጃፍ አካፋውን ተደግፎ፣ ጆሮው በብርድ ቀልቶ «አግቢኝ» ያላት በዚሁ ቃል ነበር። ቃሉን ትራስ ላይ ጠልፋ ለቤተክርስቲያኑ ባዛር ስታቀርበው ሴቶቹ ተያይተው ፈገግ ያሉት ለካ ለዚህ ነው። ሌላውስ? የሱ የመሰላት ስንቱ ቃል ከዚያ ሳጥን የወጣ ይሆን?

ዱዌን ቦት ጫማውን እያራገፈ ከጋራዡ ገባ።

«ከካርቱን ነው የቀዳኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«እኔን ያገባህበትን!»

ዱዌን ቴሌቪዥኑን አየ፤ ከዚያ ልጁን። «ኧረ ተይ እባክሽ። እኔ ነኝ የቀደምኩት።»

«ሌባ ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

ከርስተን ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ቆይ እማዬ፣ እውነቱን ነው። ይሄ ክፍል መጀመሪያ የወጣው እናንተ ከተጋባችሁ በኋላ ነው። ደራሲው… ሮጀር ሊንድክቪስት ይላል።»

ማርሊስ እፎይ ልትል ነበር። ሮጀር ኮሌጅ ሳሉ ከዱዌን ጋር አንድ መኝታ ክፍል የኖረ፣ በኋላ ሎስ አንጀለስ ገብቶ የቀረ፣ ለሠርጋቸው እንኳ ያልመጣ ጓደኛቸው ነው። «ወይ ጉድ! ያንተን ቃል ነው እንዴ ሲቸበችብ የኖረው?»

ዱዌን ግን አልተናደደም። የቆረቆራት ይሄው አለመናደዱ ነው። ጎረቤት የተዋሰውን መሰላል ሳይመልስ ቢያድር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ አሁን ጓንቱን ጣት በጣት ያወልቃል።

«ነግረኸው ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ከየት ሰማው?»

«እሱ አልሰማም።» ጓንቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደረበው። «የሰማሁት እኔ ነኝ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ። የተኛሁ መስሎት።»

ከርስተን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች።

«ለማን ሊለው?» አለች ማርሊስ።

ዱዌን ወለሉን አየ። «በማግስቱ ጠዋት በረዶ ጣለ» አለ ብቻ። «እኔ ቀድሜ ነቃሁና እናትሽ ደጅ ደረስኩ።»

ማርሊስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብላ አየችው። የተሣለችው ሚስት ባሏን እየሰማች መነጽሯን አወለቀች። በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው። ወደ መብራቱ አንሥታ በአንድ ዓይኗ አየችበት፤ አላመነችውም፤ ደግማ ጠረገችው።

«ትምህርት ቤት እያለሁ ልጆቹ» አለች ከርስተን ቀስ ብላ፣ «እናትሽ መነጽሯን ስትጠርግ ሚስስ ብሎጌትን ትኮርጃለች ይሉኝ ነበር።»

የማርሊስ መነጽር ደብዝዞባታል። ልታወልቀው እጇን አነሣች። ባሏም ልጇም እጇን እያዩ ነበር፤ እጇ ጉንጯ ጋ ሲደርስ ቆመ።