ሥራ የማያውቀው እጅ

ቀኝ እጁን የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ከበላበት ወዲህ ከሰው ጋር ቀርቦ በልቶ አያውቅም። በግራ እጅ ከሰው ማዕድ መቁረስ ነውር ነው፤ ጉርሻው ደግሞ አንገሽግሾታል። ጎረቤቱም፣ አማቱም፣ ሊጠይቀው የመጣው ሁሉ እንደ ሕፃን ካላጎረስኩህ ይለዋል። ሐኪሙ «ግራው ይለምዳል» ብሎት ነበር፤ ይኸው ወራት አልፈው የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አልቻለም።

ዛሬ ግን ከገጠር የመጣችው እናቱ «ካልበላህ አልበላም» ስላለች፣ እየተነጫነጨ ወደ ትሪው ቀረበ። ሚስቱ ትርንጎ ገና ጉርሻ መጠቅለል ስትጀምር ጮኸባት።

«ተይኝ! ራሴ እበላለሁ!»

በግራ እጁ ሊቆርስ ሲጎትት እንጀራው እንዳለ ተከትሎት መጣ። እንደ ምንም ቆርሶ ሽሮውን ቢዝቅ፣ አፉ ጋ ሳያደርሰው ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ትርንጎ ልትጠርግለት ስትል በክርኑ ገፋትና ግራ እጁን በንዴት ከጉልበቱ ጋር አጋጨው።

«የማይረባ! ከተፈጠረ ጀምሮ አንዲት ሥራ አያውቅም! ምናለ ማሽኑ ይሄኛውን በበላው!»

ትርንጎ አቀረቀረች። እናቱ የመቀነቷን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆይታ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አትስደበው ልጄ። ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ የጎረስከው በሱ ነው። ድንጋይ ብትወረውር በሱ፣ ብትማታ በሱ። ሰው ግራኝ ብሎ እንዳይስቅብህ፣ ቀኙን እስክትለምድ ድረስ በመቀነቴ ከወገብህ ጋር ጠፍሬ ያስረሳሁህ እኔ ነኝ።»