ደመና የማይሻው መብረቅ

«እና ደመና ሳይኖር ነው የሚበርቀው?» አሉ ፈታኙ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«አዎ ዶክተር። ልዩ የሚያደርገውም ይኸው ነው» አለች ብሩክታይት። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ከጠፈር የተነሳ የሶዶ ከተማ ፎቶ ይታያል፤ ድቅድቅ ጨለማ፣ መሃሉ ላይ ቅርንጫፍ ያወጣ ነጭ ብልጭታ። በከተማዋ ተራራ ስም «የዳሞታ መብረቅ» ብላ ሰይማዋለች። አራት ዓመት የለፋችበት ዶክትሬት እዚህ ብልጭታ ላይ ተንጠልጥሏል።

ብልጭታውን ያገኘው አንዲት ሳተላይት ላይ የተጫነው የእሷ ፕሮግራም ነው። ካሜራው ያለማቋረጥ ያነሳል፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፎቶ ከቀደመው ጋር ያስተያያል። ያልተለወጠውን፣ የመንገድም ይሁን የቤት መብራት፣ እዚያው ይጥለዋል። ድንገት ቦግ ያለውን ብቻ ወደ ምድር ይልካል።

«እንደኛው ነዋ» አሉ ከዞን የመጡት ኃላፊ አቶ ቦልቴ። «እኛም ከወረዳ ሪፖርት የሚያበራውን መርጠን ነው ወደ ላይ የምንልከው።»

አዳራሹ ሳቀ።

«ቱሪስት የምንጠራበትን ወር ብቻ ንገሪን፣ ዶክተሯ።»

«ገና ነኝ፣ ጋሽ ቦልቴ።»

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አሉ ፈታኙ። «ዙሪያው ያለው ጫካ ላይ የማይወርደው ለምንድን ነው? ሁልጊዜ ከተማው ላይ?»

«ለተጨማሪ ጥናት ክፍት ነው» ልትል አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ።

ሌላ ቀን ቢሆን የግቢው ጄኔሬተር ወዲያው ይነሳ ነበር። የዛሬውን ናፍጣ ግን ፈታኙን ሊያመጣ አዲስ አበባ የተላከው መኪና ጠጥቶታል፤ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለቆመም ነው ፈተናው እስከ ምሽት የተገፋው። ፕሮጀክተሩ ጠፋ። በባትሪ የቀረው የብሩክታይት ላፕቶፕ ብቻ ነው። በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቁልቁል ተመለከተች። ከተማ የለም።

«ፈረቃችን ነው» አሉ አቶ ቦልቴ፣ ተደላድለው። «አሁን ይመጣል።»

መጣም። ሶዶ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ቦግ አለች። ከታች ከሰፈሩ የልጆች «መጣ፣ መጣ» ተሰማ። ብርሃኑ ከመሃል ከተማ ተነስቶ በመንገዶቹ ተበተነ፤ አንዱ ወደ ሁምቦ መውጫ፣ አንዱ ወደ በዴሳ፣ አንዱ ወደ አረካ።

ብሩክታይት ላፕቶፗ ላይ ያለውን መብረቅ አየች። መስኮቱን አየች። ተመልሳ ላፕቶፗን አየች። ቅርንጫፎቹ አንድ ናቸው።

አዳራሹ ለመብራቱ ያጨበጭባል፤ አቶ ቦልቴ ግድግዳው ላይ ለተመለሰው መብረቅም ጨምረው።

«ወደ ጥያቄዬ ልመለስ» አሉ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ። «ለምን ከተማው ላይ?»

ጣቷ ስክሪኑ ላይ ወደ በዴሳ የሚወጣውን የመብረቅ ቅርንጫፍ ይዞ ሄደ፣ ሄደና የተከራየችበት ቤት ጋ ቆመ።

«መብራት ሲሄድ» አለች፣ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት፣ «ማብሪያውን የሚያጠፋ ሰው የለም። ሲመለስ ሁሉም ባንዴ ቦግ ይላል። እኔም አላጠፋም።»