እርሳስ የማይገባበት አዳራሽ

የቡ ቀበሌ ውስጥ የሐጂራን አፍ የማይፈራ የለም። ሆዷ ምስጢር አያሳድርም፤ ጠዋት የነገሯት ወሬ ለምሳ ጅማ ይደርሳል ይሏታል። እሷም አትክድም። «አፌ ባይኖር ባሌ የሞተ ዕለት ቡናዬንም አብረው ይቀብሩት ነበር» ትላለች።

የቡናዋ ነገር ግን በአፍ ብቻ የሚጠበቅ አልሆነም። መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ተክለጻድቅ የሚባል ቀያሽ ከጅማ መጥቶ የቀበሌውን ማሳ ሁሉ ለካ። ካርታውን በትልቅ ሸራ ላይ ሳለው። ያልተማረውም እንዲለየው የእያንዳንዱን ድርሻ በየቀለሙ ቀብቶ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የሐጂራ ቀይ ነው፤ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ልጆቿን የሚያበላላት ያ የወንዝ ዳር ቡና ነው።

«መሬቱ ላራሹ ከሆነ ካርታውም ላራሹ ነው» አለ ተክለጻድቅ። «እየመጣችሁ እዩ።»

ሊቀመንበሩ ጓድ ለይኩን ግን ነገሩ አልጣመውም። ዘመኑ የአሰሳ ዘመን ነው፤ ሰው ጥላውን ይጠራጠራል። ሕዝቡን ሰበሰበና «ማየት መብት ነው» አለ። «መቅዳት ግን ካርታችንን ለአድኃሪያን አሳልፎ መስጠት ነው።» ከዚያ ወዲያ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አዳራሹ መግባት ተከለከለ። በሩ ላይ ጥበቃው ቲጃኒ ጠመንጃውን አንግቶ የሚገባውን ሁሉ ኪስ ይበረብራል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ግር ብሎ ሄደ፤ ኋላ ሰለቸው። ያልሰለቻት የሐጂራ ጎረቤት ባህሪያ ብቻ ናት። በስፌት ከየቡ ሴቶች የሚያህላት የለም። ገበያ በዋለ ቁጥር አክርማዋንና በየቀለሙ የነከረችውን አለላ በቁና ይዛ ትመጣለች፤ ካርታው ፊት መሬት ቁጭ ትላለች፤ ስትሰፋ ትውላለች።

«አዴ ባህሪያ፣ ይሄ ወስፌ እኮ የጦር መሣሪያ ነው፤ ልሰርሽ?» ይላታል ቲጃኒ ቁናዋን እያገላበጠ።

«እሰረኝ። ሚስትህ ያዘዘችኝን ሙዳይ እዚያው ሆኜ እጨርስላታለሁ።»

ለይኩንም ለመዳት፤ ሻይ ያስመጣላት ጀመር። ሐጂራ ይህን በመስኮት አየች፤ ሆዷ ሻከረ። ደጇ ላይ ጥላ ሞልቶላት፣ ምን ብትፈልግ ነው ሹም ፊት የምትሰፋው?

ካርታው ፊት ስትሰፋው የሰነበተችው ሰፌድ አለቀ። ባህሪያ «ለአዳራሹ ማጌጫ» ብላ ሰጠችው፤ ለይኩን ደስ ብሎት ከወንበሩ በላይ አሰቀለው። ሴቶቹ ሊያዩ ሄደው አፋቸውን ይዘው ተመለሱ። ከባህሪያ እጅ እንዲህ ያለ ስፌት ወጥቶ አያውቅም። ግራው ከቀኙ አይገጥምም፤ ቀዩ አለላ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ሄዶ ይወድቃል።

«እጇ ተንቀጥቅጦባት ነው» አለች ሐጂራ። «ወገን የሚሸጥ እጅ ቀጥ አድርጎ አይሰፋም።»

ብዙም ሳይቆይ ካርታው ከግድግዳው ወረደ። ለደህንነቱ ሲባል ብረት ሣጥን ገባ ተባለ። በየወሰኑ ላይ የነበሩት የኮርች ዛፎችም ለዘመቻው ማገዶ እየተባሉ ተቆረጡ። ክረምቱ ሲወጣ ሸራው ተመልሶ ተሰቀለ። የሐጂራ ቀይ ወንዙን አይነካም፤ የወንዝ ዳሩ ቡና በለይኩን ወንድም በዘለቀ ቀለም ተቀብቷል።

«አይጥ በልቶት ነበር፤ እንደነበረ አሳደስነው» አለ ለይኩን።

ሐጂራ ባህሪያ ደጅ ቆማ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች።

«የእኔን ወሰን ማን አሳየው? ውሻ በበላበት ይጮኻል! ሂጂ ደግሞ ምንጣፍ ስሪለት፤ እግሩን ይጥረግብሽ!»

«ሐጂራ፣ ማሎ፣ እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ወላሂ አልቀንስም! ያን ሁሉ ቀን የደከምሽበትን ሰፌድ ለምን ቤትሽ አልሰቀልሽውም?»

«ከቤት ዕቃ ይጠፋል» አለችና ባህሪያ በሯን ዘጋች።

ሐጂራ ጅማ ድረስ በእግሯ ሄዳ አቤት አለች። ተክለጻድቅ ራሱ ተላከ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ለይኩን ወንበሩ ላይ ተደላድሏል፤ ባህሪያ ጥግ ይዛ አቀርቅራለች። ቀያሹ ሸራውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ይቺ መስመር የእኔ አትመስለኝም። ግን የሳልኩት ቀበሌ ስንቱ ነው፤ በምን አስታውሼ ልማል? ጅማ የነበረውንም ቅጂ የጣራ ፍሳሽ አበላሽቶታል። የፊተኛውን የቀዳ ሰው አለ?»



«በዚህ በር እርሳስ ገብቶ አያውቅም» አለ ለይኩን ፈገግ ብሎ። «ቲጃኒ ምስክሬ ነው። እሱ ካልበቃ ባህሪያ አለች፤ ካርታውን እንደ እሷ ያየው የለም። ትናገር።»

ባህሪያ ሻሿን አጥብቃ ተነሣች። ሐጂራ ዓይኗን ጨፈነች። የልጆቿ ጉሮሮ በዚያች ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጌታው ቀያሽ» አለች ባህሪያ፣ «ከጓድ ሊቀመንበሩ ራስ በላይ ያለውን ሰፌድ ያውርዱልኝ፤ ቀዩ የሐጂራ ነው፣ ሰማያዊው ወንዙ።»