የዶክተሩ ጣት

ጧትንና ማታን የለየ አምላክ የሁሉን ልክ ያውቃል፤ የጸሐፊዋ ትዕግሥት ግን በዚያ ረፋድ ከልኩ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ሕሙማኑን እየዞረ በመቅጃ ቀድቶ የላከላትን ድምፅ ደግማ ደጋግማ ከፈተችው። ሥራዋ የተናገረውን መተየብ ነው፤ ያልተናገረውን መጨመር አልተፈቀደላትም።

«እኚህ እናት ማስታገሻውን ከተወጉ ጉሮሯቸው ያብጣል፤ እንዳትነኳቸው። እኚያን ግን አሁኑኑ ውጓቸው» ይላል ድምፁ።

የትኛዋን? በዚያ ክፍል የተኙት ሁለት አሮጊቶች ናቸው፤ አንዷ በመስኮቱ ሥር፣ አንዷ በበሩ አጠገብ። የስሙን ቦታ ባዶ ትታ ጽሑፉን ላከችለት።

ሐኪሙ ወረቀቱን እያርገበገበ ገባ፤ ነርሷም ከኋላው።

«ደግሞ ባዶ! ምን ነክቶሻል፣ እህቴ? እንደ ውኃ ጥርት አድርጌ ተናግሬያለሁ።»

«ተናግረዋል፤ በጣትዎ። መቅጃው ደግሞ ዓይን የለውም፣ ዶክተር።»

«ኧረ ቶሎ በሉ» አለች ነርሷ፤ «ሁለቱም እያቃሰቱ ነው።»

«ታዲያ ገምቺና ሙዪው!» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ልገምት፣ እርስዎ ይፈርሙ፣ እሳቸው ይሙቱ? አላደርገውም።»

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ሰጠችው። እርሱም እያጉረመረመ አደረገውና የራሱን ድምፅ ተከትሎ ጣቱን ቀሰረ። «እኚህ እናት» ሲል ወደ መስኮቱ። ቆም አለ። ወደ በሩ አዞረው።

«በሩን ፊት ለፊት እያየሁ ነበር… ወይስ ጀርባዬን ሰጥቼው?»

ጣቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እንግዲህ ጉድ ፈላ» አለች ነርሷ።

ሦስቱም ወደ ሕሙማኑ ክፍል ገሠገሡ። ሐኪሙ በመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አጠገብ በርከክ አለ።

«እማማ፣ ማስታገሻ ተወግተው አሳብጦዎት ያውቃል?»

አሮጊቷ በሕመማቸው መካከል በትዝብት አዩት።

«አምና ነፍሴን ሊያወጣት ነበር። ትናንት ነግሬህ የለም እንዴ፣ ልጄ? ስሜን ግን አልጠየቅኸኝም።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊዋ መቅጃውን ከሐኪሙ ጋዋን ኪስ መዥርጣ አወጣችና ወደ አሮጊቷ አፍ አስጠጋችው።

«ይበሉ እማማ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩን።»

የመቅጃው ቀይ መብራት በራች።

አንባቢ ሆይ፣ የቸሩ አምላክ በረከት ደጃፉን ሳይስት ወደ ቤትህ ይግባ፤ ታማሚህን ይማርልህ፣ ጤነኛህን ይጠብቅልህ።