ጭስ የማይወጣበት ቤት

ጥበቡ የፀሐይ ምድጃ አስተዋዋቂ ሆኖ የተመደበው ዝናብ በማያባራበት አገር ነው። ይህን ያሰበው ሰው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሆን አለበት፤ ጌጫ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ሰላም ለማለት ያህል ነው።

በ2001 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከጌጫ ወጣ ባለች መንደር ሠላሳ ሁለት ሣጥን አደለ። ሣጥኑ ውስጡ ጥቁር፣ ላዩ መስታወት ነው፤ ክዳኑ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ለብሷል። ፀሐይ ካገኘ ድስት ያፈላል። ካገኘ።

የሚከፈል ነገር የለም፣ መፈረም ብቻ። «ከዛሬ ጀምሮ በእንጨት ላላበስል ተስማምቻለሁ» ይላል ወረቀቱ። ጥበቡ በጥድፊያ ያነባል፣ ሴቶቹ እየሳቁ አሻራቸውን ያሳርፋሉ። ያልሳቁት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱት እማማ ወለተሥላሴ ብቻ ነበሩ።

«በማን ፊት ነው የምፈርመው ልጄ?»

«በእግዚአብሔር ፊት ነዋ እማማ» አላቸው፣ ቶሎ እንዲጨርሱለት። አማተቡና አሳረፉ።

ሰኔ ሲገባ ቴፒ ያለው አለቃው ይሄይስ ጠራው። «ከሠላሳ ሁለቱ አንድ ቤት እንኳ ሲጠቀም ካላሳየኸኝ ሐምሌ ላይ ፕሮጀክቱም ያንተም ኮንትራት ያበቃል።»

ጥበቡ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሽንት ቤት አስቆፈረ፣ ቀጥሎ አጎበር አደለ፣ አሁን ደግሞ ፀሐይ። የፊተኞቹ ሁለቱ ተዘግተውበታል። ሚስቱ ምሕረት «ይሄም ካለቀ ምን ልንሆን ነው?» ትለዋለች። ደክሞታል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሞተሩን አስነስቶ ወደ መንደሩ ወጣ። ሎሚ የምትባል ሴት ቤት ሣጥኑ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ሌላዋ ክዳኑን ነቅላ እንደ መስተዋት እያየች ፀጉሯን ትሠራበታለች። ሙሴ የሚባል አባወራ ቤት ድስቱ ሣጥኑ ውስጥ ቢገኝም ቂጡ ገና እርጥብ ጥላሸት ነው።

«ፀሐይ ጥላሸት ትቀባለች እንዴ?» አለ ጥበቡ።

ሙሴ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ በሩን መዝጋት ለመደ።

የእማማ ወለተሥላሴ ቤት አሥራ ሰባተኛው ነው። ከሩቅ ሲያየው ቆመ። በጉም ውስጥ ጣሪያው ሁሉ ሲጨስ የሳቸው ብቻ አይጨስም። እዚህ አገር ጠዋት ያልጨሰን ቤት ጎረቤት ሳይጠይቀው አያልፍም፤ ታመው ይሆን ብሎ ገባ።

ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሣጥኑ አጠገባቸው ነው። ሲከፍተው ሰማያዊ ቅብ የብረት ድስት፣ ውስጡ ጎመን። ትኩስ ነው።

ደስ ሊለው ሲል ጠረጠረ። ሙሴ አስተምሮታል። እኚህ ሴትዮ በስውር እንጨት እያነደዱ ነው አለ በሆዱ።

በሳምንቱ ሳይታሰብ መጣ። ጥቁር የሸክላ ድስት፣ የጎደሬ ቅቅል፣ ትኩስ። ምድጃቸውን ፈተሸ። ሦስቱ ጉልቻ ላይ ሸረሪት አድርቷል። አመድ የለም፣ ፍልጥ የለም።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እሳት አያነዱም?»

«ካንተ ጋር ከተፈራረምን ወዲህ ክብሪት አልጫርኩም።»

«ምግቡስ?»

«ተመስገን። በየቀኑ ትኩስ አገኛለሁ።»

«ሣጥኑን ወደዱት?»

«ጥሩ ነው። ድመት አያስገባም።»

ጥበቡ ሳቀ። ከወራት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ይሄይስን ከኋላው አፈናጦ ነው። ሦስት ቀን ዘንቦ፣ ያን ዕለት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ብልጭ ብላ ጠፍታለች። ጥበቡ መንገዱን ሁሉ ሲጸልይ መጣ። ሣጥኑን ከፈተ። አንድ ጆሮው የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት፣ ባቄላ። ለብ ብሏል። በዚያች በአንድ ሰዓት ፀሐይ! ማመን ፈልጎ ነበርና አመነ።

ይሄይስ ባቄላውን ቀመሰ።

«ዛሬ ጨው ትንሽ በዝቷል» አሉ እማማ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ከስተዋል። የሰኔ ጾም ነው አለ ጥበቡ ለራሱ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥበት ይሸታል፤ ይሄይስ ግን ማስታወሻው ላይ «ቤቱ ከጭስ ፍጹም ነፃ» ብሎ ጻፈ። ፎቶ አነሣቸው። እማማ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይስቁ፣ ቀጥ ብለው ተነሡ።

«ኮንትራትህ ይታደሳል» አለ ይሄይስ። «ለሚቀጥለው ዓመት ስልሳ ሣጥን አስመጣለሁ። ስልሳ ሰው ታስፈርማለህ።» እየፎከረ ወደ ሞተሩ ቀድሞ ወረደ።

ጥበቡ የአጥሩን እንጨት ተደግፎ ትንሽ ቆመ፤ ዛሬ ማታ ለምሕረት ምን ብሎ እንደሚጀምርላት እያሰበ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሎሚ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ድስት አቅፋ ከታች ወጣች። ሌላ ጊዜ እሱን ስታይ መንገድ ትለውጥ ነበር። ዛሬ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ደስ ብሎዎት አየሁ፣ ስለዚህ ልናገር» አለችው። «እኛ ዋሽተናል ጋሼ፣ የፈረምነው ለሣጥኑ ነው።»

«ተይው ሎሚ፣ አልፏል። አንድ ቤት በቂ ነው።»

ሎሚ ድስቱን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እባክዎ የእማማን አሻራ ይመልሱላቸው፤ በእግዚአብሔር ፊት ፈርሜ እሳት አላነድም ስላሉ፣ ከፋሲካ ወዲህ ስምንት ቤት ሆነን በተራ የምናበላቸው እኛ ነን።»